«የማን ቋንቋ ነው?»

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 24 ነው። ደብረ ማርቆስ በአንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል እሠራለሁ። ባለፈው ክረምት ማታ ማታ የማደርገው ሳጣ ኤስፔራንቶ የሚባለውን ቋንቋ በስልኬ መማር ጀመርኩ፤ አምስት ወር ሆነኝ። ኔትወርክ በጠፋባቸው ሳምንታት እንኳ በደብተሬ የገለበጥኩትን እያነበብኩ ቀጠልኩ። አሁን ከአንዲት ብራዚላዊት ጋር እንጻጻፋለን። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በተማርኩት እንግሊዝኛ እንዲህ ሐሳቤን ጽፌ አላውቅም። ቤት ውስጥ ግን ሰላም የለም። ወንድሜ ለእንግሊዝኛ ኮርስ ከፍሎልኝ ነበር፤ ሁለት ሳምንት ብቀር ተቆጣ። አያቴ መሪጌታ ናቸው። ‹የማን ቋንቋ ነው?› ብለው ጠየቁኝ። ‹የማንም አይደለም› ብላቸው ሳቁብኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ‹ወደፊት የዓለም ቋንቋ ይሆናል ብለን ክፍል ተከራይተን ልጆች እናስተምር፤ ወላጅ ይከፍላል› ትለኛለች። ጊዜዬን እያባከንኩ ነው? እውነት የዓለም ቋንቋ ይሆናል? ከአፍሪካ ቋንቋዎች የተሠራስ የለም?
ተስፈኛዋ፣ ከደብረ ማርቆስ»

ልጄ፣

የብዕር ስምሽን አይቼ ፈገግ አልኩ። ያንን ቋንቋ የፈጠረው ሰው በ1887 ዋርሶ ላይ የመጀመሪያውን መማሪያ ሲያሳትም (የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እውነተኛ ስሙን ደብቆ «ዶክቶሮ ኤስፔራንቶ» ብሎ ነበር የፈረመው። ተስፈኛው ሐኪም ማለት ነው። የብዕር ስሙ ውሎ አድሮ የቋንቋው ስም ሆነ። ይህን አውቀሽ ፈርመሽ ከሆነ ብልህ ነሽ፤ ሳታውቂ ከሆነም ገጠመኙ ደስ ይላል።

ደብዳቤሽ እንደ ደረሰኝ አልመለስኩልሽም። ሠላሳ አንድ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማረ ሰው ሌላውን ቋንቋ ሳይቀምስ ቢፈርድ ያሳፍራል ብዬ ሦስት ሳምንት እኔም ተቀምጬ ተማርኩት። ስለዚህ የማወራሽ አንቺ በብዙ የቀደምሽኝ የክፍል ጓደኛሽ ሆኜ ነው።

ከጻፍሽልኝ ሁሉ የሚከብደው የአያትሽ ጥያቄ ነው፤ በእሱ ልጀምር። የፈጠረው ሰው ሉድቪክ ዛሜንሆፍ ይባላል። በ1859 የተወለደው ቢያሊስቶክ በተባለች ከተማ ነው። ከተማዋ ዛሬ ያለችው በፖላንድ ነው፤ ያኔ ግን በሩሲያ ዛር ትገዛ ነበር። አይሁዱ በዪዲሽ፣ ፖላንዳዊው በፖላንድኛ፣ ሹሙ በሩሲያኛ፣ ሌላው በጀርመንኛ ያወራል። የዳንግላን ገበያ ታውቂዋለሽ፤ አንዱ በአዊኛ ዋጋ ይጠራል፣ ሌላው በአማርኛ ይከራከራል፣ ብዙው ሰው ሁለቱንም ያቀላጥፋል፣ በመጨረሻ በርበሬው ይሸጣል። ቢያሊስቶክ ላይ ግን የአፍ መፍቻሽ ቋንቋ ጠላትሽን ይመርጥልሽ ነበር። ልጁ አይሁዳዊ ስለ ነበር ይህን ከማንም በላይ አይቶታል። ከሕዝቦች የአንዱን ቋንቋ ብንመርጥ ሌላው ይዋረዳል፣ እንግዲያውስ የማንም ያልሆነ ይሁን አለ። ካደገ በኋላ የዓይን ሐኪም ሆኖ ኑሮውን እየገፋ 16 የሰዋስው ደንቦችና ዘጠኝ መቶ ያህል የቃል ሥሮች ይዞ ወጣ።

ስለዚህ ለአያትሽ የሰጠሻቸው መልስ ትክክል ነው። ሰውየው ሆን ብሎ ያደረገው እሱን ነው፤ ገና ከመጀመሪያው የፈጣሪነት መብቱን ተወ። በ1905 ፈረንሳይ ውስጥ ቡሎኝ ላይ 688 ሰዎች ለመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ሲሰበሰቡም ቋንቋው የማንም ንብረት እንዳልሆነ፣ የደንቡ መሠረት ግን በማንም እንዳይነካ ተስማሙ። ይህ ተራ ጨዋነት እንዳይመስልሽ። ከእሱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ሽላየር የተባለ ጀርመናዊ የካቶሊክ ቄስ ቮላፒዩክ የሚባል ቋንቋ ፈጥሮ ነበር። በጣም ተስፋፋ፤ በ1889 ፓሪስ ላይ የተካሄደው ጉባኤው በራሱ በቮላፒዩክ ነበር የተመራው። ተከታዮቹ «ይህ ይሻሻል፣ ያ ይቅለል» ሲሉ ግን ቄሱ «የመጨረሻው ቃል የእኔ ነው» ብሎ ድርቅ አለ። ባለቤቱ አልለቅም ስላለ ቋንቋው በጠብ ተበተነ። ኤስፔራንቶም ቢሆን ጠብ አላጣውም፤ በ1907 «እናሻሽለው» ያሉት ተገንጥለው ኢዶ የሚባል ሌላ ቋንቋ አወጡ። ስለ ኢዶ ይህን ያህል ካልኩ ይበቃል።

የማንም አለመሆን ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ አያትሽ የሳቁትም ይህን በደመ ነፍስ ስለ ገመቱ ይመስለኛል። ባለቤት የሌለው ነገር ጠበቃም የለውም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመንግሥታቱ ማኅበር ኤስፔራንቶን በትምህርት ቤቶች ስለማስተማር ሲነጋገር ፈረንሳይ አጥብቃ ተቃወመች፤ የዓለም የዲፕሎማሲ ቋንቋ የእሷ ነበርና። በ1922 የትምህርት ሚኒስትሯ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች እንዳይሰጥ አገደ። ፈረንሳይኛን የሚያስከብር መንግሥት ነበር፤ ለኤስፔራንቶ ማን ይቁምለት? (የኛ ንጉሠ ነገሥት በ1936 ጄኔቫ ላይ ቆመው አቤቱታቸውን በአማርኛ ማሰማታቸውን አስታውሺ። በዚያ አዳራሽ ቋንቋ ያለው ሰው ማን ነው ለሚለው እሱም አንድ መልስ ነበር።) የባሰውም መጣ። ሂትለር ቋንቋውን የአይሁድ ሴራ ብሎ ፈረጀው። የዛሜንሆፍ ሦስት ልጆች በናዚዎች እጅ አለቁ፤ ሁለቱ ሴቶች ትሬብሊንካ በተባለው የናዚ የሞት ካምፕ በ1942። በስታሊን ሶቭየት ኅብረትም በ1937ና በ1938 ብዙ ተናጋሪዎቹ ታሰሩ፣ ተገደሉ። አያትሽ ቢስቁብሽ ታዲያ ቀላሉ ነው የደረሰብሽ።

አሁን አያትሽን ትንሽ ልሞግታቸው፤ በአክብሮት። መሪጌታ ዕድሜያቸውን የሰጡት ለየትኛው ቋንቋ ነው? ለግዕዝ። ግዕዝን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባ ሰው በዚህ አገር ከጠፋ ሺህ ዓመት ገደማ ሆነው። ሆኖም ዋሸራ ላይ፣ ጎንጅ ላይ፣ ደብረ ኤልያስ ላይ ከላስታ የመጣውና ከትግራይ የመጣው ተማሪ ከጎጃሜው ጋር ተቀምጦ በዚሁ ቋንቋ ቅኔ ይዘርፋል። ያውም የትናንቱን መድገም ነውር ነው፤ ቅኔ በየዕለቱ አዲስ መሆን አለበት። የማንም እናት በማታወራው ቋንቋ በየቀኑ አዲስ ነገር ሲፈጠር ለማየት ከጎጃም መውጣት አያስፈልግሽም። «የአፍ መፍቻው ያደረገው ሕዝብ ከሌለ ቋንቋ አይኖርም» የሚል ሰው ይህን አገር አያውቀውም።

ልዩነቱም እዚያው ነው። ግዕዝ ቅዳሴ አለው፣ ዜማ አለው፣ ደጀ ሰላም አለው፣ ተማሪው «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ቁራሽ የሚሰጥ ገበሬ አለው። እኔ ልጅ ሆኜ ሁለት ዓመት ቆሎ ተማሪ ነበርኩ። ደበሎ ለብሼ፣ አኩፋዳ አንግቼ ዞሬያለሁ። ግሱን እወድደው ነበር፤ ርባ ቅምሩ፣ ማለትም የግሱ እርባታ፣ እንደ ጨዋታ ነበር የሚመስለኝ። ለቅኔው ግን አልታደልኩም፤ ለነገራ፣ ማለትም የቆጠርኩትን ቅኔ ለማሰማት፣ ቀርቤ የኔታ ሰምተውኝ ዝም ያሉበት ቀን እስከ ዛሬ ያመኛል። አንድ ማለዳ ደግሞ የአንድ ቤት ውሻ ባቴን ነከሰኝና ሳምንት ጎጆ ውስጥ ተኛሁ። ያበሉኝ ጓደኞቼ ከየቤቱ ለምነው ባመጡት ነው። ግዕዝን ያቆየው የደንቡ ማማር ሳይሆን ይህ ሁሉ ሰው ይመስለኛል።

ውሻውን ያነሣሁት ለሰዋስው ይጠቅመኛል ብዬ ነው። በሦስተኛው ሳምንቴ ይህን ጻፍኩ፦ «ላ ሁንዶ ሞርዲስ ላ ሌርናንቶን»። ውሻው ተማሪውን ነከሰው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በዚህ ቋንቋ ውስጥ ከሚፈሯቸው ነገሮች አንዱ መጨረሻ ላይ ያለችው «ን» ናት፤ ተሳቢውን ታሳያለች። ለእኛ ግን ይህች ሌላ ማን ናት? «ተማሪውን» ስንል የምንጨምራት ያችው ናት! ዘመድ ሆነው ሳይሆን በአጋጣሚ ገጥመው ነው፤ ቢሆንም እንደ ስጦታ ቆጠርኩት። በእሷ ምክንያት ቃላቱን ብትገለባብጪም ነካሹና ተነካሹ አይምታቱም። «ላ ሌርናንቶን ሞርዲስ ላ ሁንዶ» ብትይም የተነከስኩት እኔው ነኝ። አንድ ቦታ ብቻ ተጠንቀቂ፦ እኛ «ትልቁን ውሻ» ስንል አንዷ «ን» ትበቃናለች፣ እነሱ ግን ቅጽሉም ስሙም ላይ ይለጥፏታል፤ «ላ ግራንዳን ሁንዶን» ይላሉ። እኔ በዚህ እየተሳሳትኩ ነው፤ አንቺም እንደምትሳሳቺ እገምታለሁ።

ድምፁም አያስቸግርሽም። ች፣ ጅ፣ ሽ፣ ዥ፣ ሌላው ቀርቶ ኽ እንኳ አለው፤ ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ ፊደል። የቃል አሠራሩ ደግሞ የካርድ ክፍል ሠራተኛን ሳያስቅ አይቀርም። «ሳና» ጤነኛ ነው። «ማል» ብትጨምሪበት ተቃራኒው ይሆናል፤ «ማልሳና» ያመመው። «ማልሳኑሎ» ሕመምተኛ፣ «ማልሳኑሌዮ» ሕመምተኞች ያሉበት ቦታ፣ ማለትም ሆስፒታል። በየቀኑ የምትውይበትን ሥራ በአንድ ሥር ደረደረልሽ። ይኸው «ማል» ግን ያስቀይመኛል፤ ወጣት «ዩና» ሲሆን እኔን መሰሉ ሽማግሌ «ማልዩና» ነው፤ «ፀረ ወጣት» ብሎ እንደ መጥራት! ከዚህ የባሰው ደግሞ እናት ናት። አባት «ፓትሮ»፣ እናት «ፓትሪኖ»፤ «አባቲት» እንደ ማለት። ጎጃም ውስጥ እናቱን «አባቲት» የሚል ልጅ ምን እንደሚደርስበት አንቺ ታውቂዋለሽ። ሥሮቹ በአብዛኛው የተቀዱት ከላቲንና ከልጆቹ፣ ከጀርመንኛና ከመሰሎቹ ስለሆነ «የማንም አይደለም» የሚለው ቃል ለአውሮፓዊ እውነት ነው፣ ለእኔና ለአንቺ ግን ግማሹ ብቻ።

የዓለም ቋንቋ ይሆናል ወይ ላልሽው፦ አይሆንም። ቁርጥ አድርጌ የነገርኩሽ ቁርጡን ስለ ጠየቅሽኝ ነው። የተናጋሪው ቁጥር ግምት ከመቶ ሺህ እስከ ሁለት ሚሊዮን ይዘልቃል፤ የግምቱ ስፋት ራሱ ብዙ ይናገራል። ዩኔስኮ በ1954 ዓላማውን የሚደግፍ ውሳኔ አሳልፎለት ነበር፤ ውሳኔው መዝገብ ውስጥ አለ፣ ዓለም እንግሊዝኛ ይማራል። ሰው የጎረቤቱን ቋንቋ የሚማረው እንጀራ፣ ትምህርት፣ ጋብቻ ወይም ዳኝነት ሲያገኝበት ነው። ደንቡ ስላማረው የሚማረው እንደ አንቺና እንደ እኔ ያለ ጥቂት ሰው ነው።

ከአፍሪካ ቋንቋዎች የተሠራ አለ። በ1970 ጋና ውስጥ ኩሚ አትቶብራ የተባለ ሰው አፍሪሂሊ የሚባል ቋንቋ አወጣ። ናይጄሪያ ውስጥም ኢግቢነዌካ ከሐውሳ፣ ከዮሩባና ከኢግቦ ያጣመረው ጉዎሳ አለ። ሐሳባቸው የሚያስደስት ነው፤ የሚናገራቸው ሰው ግን አልበረከተም። በዚያው ጊዜ ማንም በጠረጴዛ ላይ ያልሠራው ስዋሂሊ በነጋዴ፣ በወታደርና በትምህርት ቤት ከጠረፍ ተነሥቶ ምሥራቅ አፍሪካን አዳረሰ። ኤስፔራንቲስቶች ዓለም አቀፍ ጉባኤያቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ላይ ያካሄዱት በ2024 አሩሻ ነው፤ ስዋሂሊ ሰውን ሁሉ ባግባባበት በታንዛኒያ። በአዳራሹ ውስጥ የሚመኙት ነገር በር ላይ ሻይ እየሸጠ ነበር ማለት ነው።

ጓደኛሽን በተመለከተ ረጅም ነገር የለኝም። ክፍሉን አትከራዩ። አንዲት እናት ጤፍ ሸጣ «ልጄ የዓለምን ቋንቋ ይማራል» ብላ ብትከፍልሽና ልጁ ከሁለት ዓመት በኋላ በቋንቋው የሚያወራው ሰው ቢያጣ፣ አንቺ ካርድ ክፍል ተቀምጠሽ የእናቲቱን ፊት ማየትሽ አይቀርም፤ ከተማው ትንሽ ነው። የሚወዱ ልጆች ካሉ ቅዳሜ ከሰዓት ሰብስቢያቸው፣ በነጻ፣ እንደ ጨዋታ። እኛ ልጆች ሆነን ትልቅ ሰው እንዳይሰማን «በወፍ ቋንቋ» እናወራ ነበር፤ አዝማሪዎችም እነሱ ብቻ የሚግባቡበት ቋንቋ አላቸው። ቋንቋ መሥራትና መደበቅ ለዚህ አገር ልጅ ባዕድ አይደለም፤ በሳቅ ይቀበሉሻል።

ወንድምሽ ልክ ነው። ሰኞ ወደ ኮርሱ ተመለሺ። የተቆጣው ገንዘቡ ስለወጣ ብቻ አይመስለኝም፤ በዚህ አገር ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ አንቺም ከካርድ ክፍል ወደ ሌላ ሥራ ለማለፍ ብታስቢ የሚጠይቁሽ እሱን ነው። ይህን የምለው እንግሊዝኛውን አስተምሬ ያልተሳካልኝ ሰው ሆኜ ነው። ስንት ተማሪ ሕጉን በቃሉ ወጥቶ ፈተናውን አልፎ ከአንድ ቱሪስት ጋር ጣና ዳር ሲገናኝ አፉ እንደ ተያዘ አይቻለሁ። ከፈረንጁ ፊት ሲቆም የሚሳሳተው በባለቤቱ ፊት ስለሆነ ያፍራል። አንቺ ለብራዚላዊቷ ስትጽፊ ግን ያላፈርሽው ቋንቋው የእሷም ስላልሆነ ነው፤ እሷም እንዳንቺ ተምራ ነው የመጣችው። አምስት ወር ያገኘሽው ድፍረት ይህ ነው። ወደ እንግሊዝኛው ክፍል ይዘሽው ግቢ። እየተሳሳትሽ ጻፊ።

ኤስፔራንቶውን አትተዪው፣ ነገር ግን በስልክሽ ላይ ነጥብ መሰብሰቡን ቀንሺው። በቀን ሃያ ደቂቃ ይበቃል፤ ኔትወርክ ሲኖር መማሪያውንና መዝገበ ቃላቱን አውርደሽ አስቀምጪ። ከዚያ የሆነ ነገር ሥሪበት። ምን እንደምሠራ ጠይቀሽ እንዳትመጪ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ሳገኘው እኔን አስደንግጦኛል። ዊኪፔዲያ በኤስፔራንቶ ከሦስት መቶ ሺህ በላይ ጽሑፎች አሉት፤ በአማርኛ ያሉት ግን ዐሥራ አምስት ሺህ ገደማ ናቸው። የጉግል መተርጎሚያም አገር የሌለውን ኤስፔራንቶን የጨመረው በ2012 ነው፣ በሚሊዮኖች የሚነገረውን አማርኛ ግን በ2016። የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው አይደል የሚባለው! ጥቂት ተስፈኞች ማታ ማታ ቁጭ ብለው ጽፈው ጽፈው ነው እዚያ የደረሱት፤ ማንም አልከፈላቸውም።

ስለዚህ ስለ ደብረ ማርቆስ አንዲት ገጽ ጻፊ። ቀጥሎ ስለ ዋሸራ። ዓይነ ስውር ሆነው ጎጃም ውስጥ ቅኔ ስላስተማሩት ስለ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ አያትሽን ጠይቂያቸውና የነገሩሽን ከመጽሐፍ አመሳክረሽ ጻፊ። መጀመሪያ በአማርኛ፣ ከዚያ በኤስፔራንቶ አድርጊው፤ ብራዚላዊቷ ታርምልሽ። የሪዮ ወይም የሳኦ ፓውሎ ሰው ስለ ቅኔ ቤት የሚያነበው ምናልባት ካንቺ ብቻ ይሆናል።

ለአያትሽ ደግሞ አንድ ማታ፣ ቡናው ሦስተኛው ሳይደርስ፣ ያችን የውሻ ዓረፍተ ነገር ገልብጠሽ አንብቢላቸው፦ «ላ ሌርናንቶን ሞርዲስ ላ ሁንዶ»። «ሁንዶ» ውሻ፣ «ሌርናንቶ» ተማሪ፣ «ሞርዲስ» ነከሰ መሆኑን ብቻ ንገሪያቸው። ከዚያ ባለቤቱ የቱ ነው፣ ተሳቢውስ የቱ ነው ብለሽ ጠይቂያቸው። ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ።